ማሃትማ ጋንዲ በማዕድ ፊት

ስለ ማሃትማ ጋንዲ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የ1930ን የጨው ጉዞ፣ የጥጥ መፍተያውን፣ የእስር ቤቱን ኑሮና ሕንድ በ1947 ነጻነቷን ያገኘችበትን ትግል ነው። ይሁን እንጂ እኒህ ሰው ከታላቅ መንግሥት ጋር ከመታገላቸው አስቀድሞ ከአንድ ሳህን ምግብ ጋር መታገላቸውን የሚያስተውል ጥቂት ነው። ሥጋ ልብላ ወይስ ልተው፤ እንቁላልስ ከሥጋ ይቆጠራል ወይ፤ ወተትስ መጠጣት ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ ከልጅነታቸው እስከ እርጅናቸው አልተለያቸውም።

በዛሬው ጊዜ ይኸው ጥያቄ በየአገሩ ባሉ ተማሪዎች ዘንድ ተነሥቶ፣ ሰዎች በሦስት ወገን ተከፍለው ሲከራከሩ እንሰማለን። አንደኛው ወገን ሥጋ ይበላል፤ ሁለተኛው ሥጋንና ዓሣን ትቶ ወተትና ቅቤ፣ አንዳንዴም እንቁላል ይመገባል፤ ሦስተኛው፣ ቬጋን የሚባለው፣ ከእንስሳ የሚገኘውን ሁሉ እርግፍ አድርጎ ይተዋል። ጋንዲ በዕድሜያቸው በሦስቱም በኩል ያለፉ ሰው ናቸው። ስለዚህ ሕይወታቸውን በዚህ በኩል መመልከት ለሚከራከረውም ሆነ ዝም ብሎ ለሚበላው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሞሃንዳስ ካራምቻንድ ጋንዲ የተወለዱት ኦክቶበር 2 ቀን 1869 ዓ.ም. በምዕራብ ሕንድ፣ በጉጃራት ምድር፣ ፖርባንዳር በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። ወገናቸው ከነጋዴዎች ነበር፤ አባታቸው ግን የፖርባንዳር፣ በኋላም የራጅኮት መስፍን ዋና ሹም ሆነው አገልግለዋል። እናታቸው ፑትሊባይ ጸሎትና ጾም የሚያዘወትሩ ሴት ነበሩ። አንድ ዓመት በዝናብ ወራት ፀሐይን ሳላይ እህል አልቀምስም ብለው ተሳሉ። ልጆቹ ደጅ ቆመው ሰማዩን ይጠብቁ ነበር፤ ፀሐይ ብልጭ ስትል ሮጠው ለእናታቸው ይነግራሉ፤ እናት ብቅ እስኪሉ ግን ደመናው መልሶ ይሸፍናታል። ያን ጊዜ ፑትሊባይ ሳይከፋቸው፣ ፈጣሪ ዛሬ እንድበላ አልፈቀደም ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሱ ነበር። ልጃቸው ቃልን መጠበቅ ምን እንደሆነ መጀመሪያ የተማሩት ከዚህ ነው።

በጉጃራት ቪሽኑን የሚያመልኩት ቤተ ሰቦችና ጃይን የሚባሉት ሃይማኖተኞች ሥጋን እጅግ ይጸየፋሉ። እዚህ ላይ ለእኛ አገር አንባቢ አንድ ልዩነት ማመልከት ያስፈልጋል። በእኛ ዘንድ ወተትና ቅቤ ከሥጋ ጋር ባንድነት ፍስክ ይባላሉ፤ ጾሙ ሲፈታም ሁሉም ባንድነት ይበላሉ። እነርሱ ዘንድ ግን ሥጋ በዘመን ሁሉ የተከለከለ ሲሆን፣ ወተት የንጹሕ ምግብ ራስ ሆኖ ይከበራል። ይህን ልብ ያላለ ሰው ጋንዲ በኋላ በወተት ምክንያት ያዩትን መከራ በደንብ አይረዳውም።

ጋንዲ በራጅኮት ትምህርት ቤት ሲማሩ ሼክ መህታብ የሚባል ጓደኛ ነበራቸው። መህታብ ሯጭ፣ ዘላይና ደፋር ነበር። ጋንዲ ግን ደካማና ዓይን አፋር፣ ሌባና እባብ የሚፈሩ፣ ሌሊት ያለ መብራት መተኛት የማይደፍሩ ልጅ ነበሩ። የመህታብ ትምህርት አጭር ነበር፤ ይኸውም እንግሊዞች ጥቂት ሆነው ሳሉ ብዙውን ሕንዳዊ የሚገዙት ሥጋ በመብላታቸው ነው፤ ሕንዶችም ሥጋ ቢበሉ ገዢዎቻቸውን ማባረር ይችላሉ የሚል ነበር። በዚያ ዘመን ይህ አሳብ በተማሪዎች ዘንድ በግጥም ሳይቀር ይዘወተር ነበር።

እንግዲህ ጋንዲ መጀመሪያ ሥጋ የቀመሱት አምሯቸው አልነበረም፤ ብርቱ ሆነው አገራቸውን ነጻ ለማውጣት ነበር። ሁለቱ ልጆች ሰው ወደማያይበት ወንዝ ዳር ሄዱ። የፍየል ሥጋና የዳቦ ቤት ዳቦ ቀረበ። ሥጋው እንደ ቁርበት ጠንክሮባቸው መዋጥ አቃታቸው፤ ሆዳቸውም ተናወጠና ተዉት። ያን ሌሊት ፍየሉ ከነነፍሱ በሆዳቸው ውስጥ የሚጮህ እየመሰላቸው ሲባንኑ አደሩ። ጓደኛቸው ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ሥጋውን በልዩ ልዩ ዓይነት እያሰናዳ ያቀርብላቸው ጀመር። እሳቸውም ቀስ በቀስ እየለመዱት ሄዱ። በአንድ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ይህን የመሰለ ድብቅ ግብዣ ስድስት ጊዜ ያህል ሆነ።

ነገሩን ያቆመው የሥጋው ጣዕም አልነበረም። ከግብዣው በተመለሱ ቁጥር እራት መብላት አይችሉም፤ እናታቸው ምክንያቱን ሲጠይቁ ሆዳቸውን እንዳልተመቻቸው አድርገው ይዋሻሉ። እነዚያ ጸሎተኛ እናት እውነቱን ቢያውቁ ልባቸው እንደሚሰበር ልጁ ያውቁት ነበር። ስለዚህ ወላጆቻቸው በሕይወት እስካሉ ድረስ ሥጋ ላይበሉ፣ ከእነርሱ በኋላ ግን በግልጽ ሊበሉ ወሰኑ። እዚህ ላይ አንባቢ ያስተውል፤ ወጣቱ ጋንዲ ሥጋ መብላት መልካም ነው የሚለውን እምነታቸውን ገና አልተዉም። የተዉት ውሸትን ብቻ ነው።

አባታቸው በ1885 ዓ.ም. ሞቱ። በ1888 ዓ.ም. ጋንዲ የሕግ ትምህርት ለመማር ወደ ለንደን ለመሄድ ተነሡ። ያን ጊዜ የ18 ዓመት ወጣት፣ ባለ ትዳርና የአንድ ልጅ አባት ነበሩ። የነጋዴው ወገን ሽማግሌዎች ባሕር መሻገር ሃይማኖት ያስጥላል ብለው ከወገናቸው ለዩዋቸው። እናታቸው ደግሞ ወደ እንግሊዝ አገር የሄዱ ወጣቶች ሥጋ በልተው፣ መጠጥ ጠጥተው እንደሚበላሹ ሰምተው ነበርና መልቀቁን ፈሩ። በመጨረሻ ቤቻርጂ ስዋሚ የሚባሉ የቤተ ሰቡ አማካሪ የሆኑ የጃይን መነኩሴ መላ አገኙ። ጋንዲ በመነኩሴው ፊት ሥጋ ላይበሉ፣ መጠጥ ላይጠጡ፣ ሴት ላይነኩ ማሉ። እናትም በዚህ ቃል ልጃቸውን ለቀቁ። ሴፕቴምበር 4 ቀን መርከቧ ከቦምቤይ ተነሣች።

በመርከቡ ላይ የነበረ አንድ እንግሊዛዊ በቅን ልቡና ብርዱ ሲበረታ ያለ ሥጋ መኖር እንደማይቻል መከራቸው። ለንደን ሲደርሱም ችግሩ እውነት ሆነ። ቅመም የሌለው የተቀቀለ አትክልት አልዋጥ አላቸው። በሰው ቤት ተቀምጠው ሲመገቡ ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ ዳቦ ይሰጣቸዋል፤ ጨምሩልኝ ማለት ስለሚያፍሩ እየራባቸው ከማዕድ ይነሡ ነበር። ከቤቱ ርቆ የሄደ ተማሪ ይህን የመሰለውን ረኀብ ያውቀዋል።

አንድ የአገራቸው ልጅ የሆነ ወዳጅ፣ ማይም እናት ባገር ቤት ያስማሉት መሐላ በእንግሊዝ አገር ዋጋ የለውም እያለ ይከራከራቸው ነበር። አንድ ቀን የእንግሊዛዊውን ፈላስፋ የቤንታምን መጽሐፍ አምጥቶ ስለ ጥቅምና ጉዳት የሚናገረውን አነበበላቸው። ጋንዲ በሙግት እንደማይችሉት፣ ነገር ግን መሐላ መሐላ መሆኑን ገልጸው ዝም አሉ። ሌላ ቀን ይኸው ወዳጅ ቴአትር ሊያሳያቸው ይዟቸው ሲሄድ ሆልበርን ከሚባለው ትልቅ ምግብ ቤት አስገባቸው። ሾርባ ሲቀርብ ጋንዲ አስተናጋጁን ጠርተው ሥጋ እንዳለበት ሊጠይቁ ሞከሩ። ወዳጁ በሰው ፊት አፍሮ ተቆጣና ደጅ ወጥተው እንዲጠብቁት ነገራቸው። ጋንዲ ደስ እያላቸው ወጡ፤ በአቅራቢያው የነበረው ሥጋ የማይቀርብበት ምግብ ቤት ግን ተዘግቶ ነበርና ያን ምሽት ጦማቸውን ቴአትር ተመልክተው ገቡ። ስለ ነገሩ አንድም ቃል አልተነጋገሩም፤ ወዳጅነታቸውም አልፈረሰም።

ጋንዲ እንዲህ ያለውን ምግብ ቤት ለማግኘት በየቀኑ 10 ወይም 12 ማይል ያህል በእግራቸው ይዞሩ ነበር። በመጨረሻ ፋሪንግደን በሚባለው መንገድ ላይ አንዱን አገኙት። ከመግባታቸው በፊት በመስኮቱ ለሽያጭ ከተደረደሩት መጻሕፍት መካከል ሄንሪ ሳልት ስለ አትክልት ምግብ ተሟግቶ የጻፈውን መጽሐፍ አይተው በአንድ ሺሊንግ ገዙ። እንግሊዝ አገር ከገቡ ወዲህ ጠግበው የበሉት ያን ቀን ነው። መጽሐፉንም ከዳር እስከ ዳር አነበቡት።

የዚህ ታሪክ ትልቁ መታጠፊያ ይህ ይመስለኛል። ጋንዲ እስከዚያ ቀን ድረስ ከሥጋ የራቁት ለእናታቸው በሰጡት ቃል ታስረው ነበር፤ በልባቸው ግን ሕንዶች ሁሉ አንድ ቀን ሥጋ በላተኞች እንዲሆኑ ይመኙ ነበር። ሰው ሌላውን ፍጡር ሳይገድል መኖር ከቻለ መግደሉ አይገባውም የሚለውን አሳብ አንብበውና መዝነው ከተቀበሉ በኋላ፣ በውርስና በመሐላ ይዘውት የነበረውን ነገር በገዛ ፈቃዳቸው መረጡት። የሚያስገርመው፣ የአገራቸውን ልማድ እንደገና ያስጨበጣቸው የእንግሊዛዊ መጽሐፍ መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ የምግብ ነገር ጥናታቸው ሆነ። ወጪያቸውን ሳንቲም በሳንቲም እየጻፉ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ለቁርስ የአጃ ገንፎና ካካዎ ራሳቸው እያበሰሉ መኖር ጀመሩ። ሕግ ይማሩበት በነበረው በኢነር ቴምፕል ተማሪ ሁሉ በተወሰኑ የእራት ግብዣዎች ላይ መገኘት ግዴታው ነበር። በማዕዱ ላይ ለአራት ተማሪ ሁለት ጠርሙስ የወይን ጠጅ ይታደላል። ጋንዲ ስለማይጠጡ ሁለቱን ጠርሙስ ሦስቱ ይካፈሉታል፤ ስለዚህም ከእሳቸው ጋር ለመቀመጥ ተማሪዎቹ ይሻሙ ነበር።

በዚህ ጊዜ ስለ መሐላቸው አንድ አዲስ ጥያቄ ተነሣ። በእንግሊዝ አገር ስለ ሥጋ ትርጉም ሦስት ዓይነት አስተያየት አገኙ። የመጀመሪያው ሥጋ ማለት የከብትና የወፍ ሥጋ ብቻ ነው ይላል፤ በዚህ ትርጉም ዓሣና እንቁላል ይፈቀዳሉ። ሁለተኛው ዓሣንም ጨምሮ የሕያዋንን ሁሉ ሥጋ ይከለክላል፤ እንቁላልን ግን ይፈቅዳል። ሦስተኛው ከሕያዋን የሚገኘውን ሁሉ፣ እንቁላልንና ወተትን ጭምር ይከለክላል። ጋንዲ በሰው አስተያየት ተስበው ለጥቂት ጊዜ እንቁላል በሉ። በኋላ ግን ነገሩን መረመሩት። መሐላውን የተቀበሉት እናታቸው ናቸው፤ ስለዚህ የሚጸናው በእናታቸው አእምሮ የነበረው ትርጉም ነው ብለው ፈረዱ። እናታቸው እንቁላልን ከሥጋ ይቆጥሩ ነበርና ተዉት። ከእንቁላል ጋር ብዙ የሚጣፍጥ ምግብ ቀረ፤ ሕሊናቸው ግን ዐረፈ። ይህን ነጥብ እናቆየው፤ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ተመልሶ ይመጣባቸዋልና።

የለንደን አትክልት ተመጋቢዎች ማኅበር አባል ሆነው በ1890 ዓ.ም. በሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ ውስጥ ገቡ። በ1891 ዓ.ም. በማኅበሩ ጋዜጣ ላይ ስለ ሕንድ አትክልት ተመጋቢዎች ተከታታይ ጽሑፍ አወጡ። በዚያም ሕንዶች ደካማ የሆኑት ሥጋ ባለመብላት ነው የሚለውን የልጅነት ትምህርት ተቃውመው፣ የድካሙን ምክንያት ከልጅነት ጋብቻ ላይ ጣሉት። ዶክቶር አሊንሰን የተባሉ አባል ስለ ወሊድ መቆጣጠር በሚያስተምሩት ትምህርት ከማኅበሩ ይውጡ የሚል አሳብ ሲነሣ፣ ጋንዲ ትምህርቱን ባይቀበሉትም፣ ማኅበሩ የተቋቋመው ለምግብ ጉዳይ ስለሆነ ሰውየው ሊባረሩ አይገባም ብለው ተቃወሙ። ይሁን እንጂ ዓይን አፋርነታቸው አሸንፏቸው የጻፉትን ቆመው ማንበብ አቃታቸውና ሌላ ሰው አነበበላቸው። ድምፅ ሲሰጥ ወገናቸው ተሸነፈ። በኋላ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ የሚያዳምጣቸው ሰው የሕዝብ ሥራ የጀመሩት በዚህ ትንሽ ማኅበር ነው።

በጁን 1891 ዓ.ም. ጠበቃ ተብለው አገራቸው ሲገቡ እናታቸው ሞተው አገኟቸው። ወንድማቸው በባዕድ አገር ሳሉ እንዳያዝኑ ብለው መርዶውን ደብቀውት ነበር። እንግዲህ መሐላውን የተቀበሉት እናት የሉም፤ በልጅነታቸው ያደረጉት ውሳኔ ቢሆን ኖሮ ከዚህ በኋላ ሥጋ በግልጽ መብላት ይችሉ ነበር። ግን ጥያቄው አሁን የእሳቸው የራሳቸው ሆኗል።

በ1893 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ደቡብ አፍሪቃ ሄዱ። በዚያም የሕንዶችን መብት ለማስከበር ሲታገሉ 20 ዓመት ያህል ቆዩ። በዮሐንስበርግ ሥጋ የማይቀርብበት ምግብ ቤት ለማስፋፋት ለፈለጉ አንዲት ሴት ከአንድ ደንበኛቸው ገንዘብ 1000 ፓውንድ አበደሩ፤ ሴትዮዋ ሒሳብ የማያውቁ ነበሩና ገንዘቡ ጠፋ። ጋንዲ ዕዳውን ከኪሳቸው ከፈሉ። ለአንድ አሳብ ተብሎ የሌላ ሰው ገንዘብ እንደማይነካ ከዚህ ተማሩ። ነገር ግን ከገንዘብ የበለጠ ፈተና በቤተ ሰባቸው ላይ መጣ።

በ1902 ዓ.ም. ለጥቂት ጊዜ በቦምቤይ ተቀምጠው ሳለ የ10 ዓመት ልጃቸው ማኒላል በአንጀት ተስቦ ታመመ። ሐኪሙ እንቁላልና የዶሮ መረቅ ካላገኘ ለሕይወቱ እንደሚያሠጋው ነገሯቸው። ጋንዲ እምቢ አሉ፤ ልጁንም ጠይቀው ፈቃዱን ካገኙ በኋላ በእርጥብ አንሶላ እየጠቀለሉ በውሃ ያክሙት ጀመር። ትኩሳቱ በበረታበት ሌሊት ከቤት ወጥተው በባሕሩ ዳር እየጸለዩ ተንከራተቱ፤ ተመልሰው ሲመጡ ልጁ አልቦት አገኙት። በ40 ቀን የተበረዘ ወተትና የፍራፍሬ ጭማቂ እየሰጡ አዳኑት።

በሌላ ጊዜ ባለቤታቸው ወይዘሮ ካስቱርባ በደርባን ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው በጣም ደከሙ። ሐኪሙ ያለ በሬ ሥጋ መረቅ አላክማቸውም አሉ። ጋንዲ የመወሰኑን መብት ለባለቤታቸው ሰጡ፤ ወይዘሮ ካስቱርባም ቢሞቱ እንኳ ሥጋ እንደማይቀምሱ ቁርጥ አድርገው ተናገሩ። ሐኪሙ አላስቀምጥም ስላሉ፣ ዝናብ እያካፋ ሕመምተኛዪቱ በባቡር ወደ ፊኒክስ መንደር ተወሰዱ፤ እዚያም ቀስ በቀስ ዳኑ።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል። ሁለቱም ስለ ዳኑ የጋንዲ ሕክምና ትክክል ነበር ማለት አይቻልም። የአንጀት ተስቦ የሚመጣው በባክቴሪያ ነው፤ የዶሮ መረቅም እርጥብ አንሶላም አይገድለውም፤ ፍቱን መድኃኒቱ የተገኘው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አንድ አባት ስለራሱ ሕይወት ቢቆርጥ ያስመሰግነው ይሆናል፤ ስለ ሕፃን ልጁ ሕይወት መቁረጡ ግን ሌላ ነገር ነው። የ10 ዓመት ልጅ አባቱን እሺ ማለቱም ሙሉ ፈቃድ ሊባል አይችልም። የወይዘሮ ካስቱርባ ግን ከዚህ ይለያል፤ እሳቸው ዐዋቂ ነበሩ፤ ዋጋውንም ዐውቀው መረጡ።

በ1910 ዓ.ም. ጋንዲና ወዳጃቸው ካለንባህ በዮሐንስበርግ አቅራቢያ ቶልስቶይ እርሻ የተባለውን መንደር አቋቋሙ። በመንደሩ እስላሞችም ክርስቲያኖችም ስለነበሩ ጋንዲ ሥጋን በትእዛዝ ማስቀረት አልፈለጉም፤ ወጥ ቤቱ የአትክልት ብቻ እንዲሆን ለምነው፣ ሁሉም በፈቃዳቸው ተስማሙ። በ1912 ዓ.ም. ሁለቱ ወዳጆች ወተትንም ሊተዉ ቃል ገቡ። ጋንዲን ወደዚህ ያደረሳቸው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ወተት የሥጋን ፍላጎት ያነሣሣል የሚል እምነት ነው። ሁለተኛው በካልካታ ያሉ ወተት ነጋዴዎች ላምና ጎሽ የመጨረሻ ጠብታቸውን እንዲሰጡ የሚያደርሱባቸውን ሥቃይ የሚገልጽ ጽሑፍ ማንበባቸው ነው። ከዚያ በኋላ ኑሯቸው ለውዝ፣ ሙዝ፣ ተምር፣ ሎሚና የወይራ ዘይት ሆነ። ቬጋን የሚለው ቃል ገና አልተፈጠረም ነበር፤ ዶናልድ ዋትሰንና ጓደኞቹ በዚህ ስም ማኅበር ያቋቋሙት በ1944 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ነው። ጋንዲ ግን ከ32 ዓመት አስቀድሞ ገበታቸውን ወደዚያው አድርሰውት ነበር።

በ1914 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ በጎን ውጋት ታመሙ፤ ወተት እንዲጠጡ ሐኪምም ወዳጅም ቢለምናቸው እምቢ አሉ። ያን ጊዜ ያከሟቸው በወጣትነታቸው የተሟገቱላቸው ዶክቶር አሊንሰን ናቸው፤ ተራ ቡናማ ዳቦና ጥሬ አትክልት፣ ፍራፍሬና ንጹሕ አየር አዘዙላቸው። በ1915 ዓ.ም. አገራቸው ገቡ።

ከሁሉ የከፋው ፈተና በ1918 ዓ.ም. መጣ። ጋንዲ በጉጃራት በኬዳ አውራጃ መንደር ለመንደር ሲዘዋወሩ በብርቱ ተቅማጥ ወደቁ። ሰውነታቸው አልቆ የሚሞቱ መሰላቸው። በቦምቤይ ያከሟቸው ሐኪም ያለ ወተት ይህን ሰውነት መልሶ መገንባት እንደማይቻል ገለጹላቸው። ጋንዲ ስለ ላምና ስለ ጎሽ የገቡትን ቃል አስረዱ። ያን ጊዜ በአልጋው አጠገብ የነበሩት ወይዘሮ ካስቱርባ፣ እንግዲያውስ የፍየል ወተት ቢጠጡ ቃሉ አይከለክልም አሉ።

ጋንዲ ተሸነፉ፤ የፍየል ወተት ጠጡ። ሊዋጉት የተነሡበት የሮውላት ሕግ ትግል ከፊታቸው ነበርና መኖር ፈለጉ። ነገር ግን ራሳቸውን አላታለሉም። ቃሉን ሲገቡ በአሳባቸው የነበሩት ላምና ጎሽ ብቻ ቢሆኑም፣ የቃሉ መንፈስ የእንስሳን ወተት ሁሉ እንደሚያጠቃልል ያውቁ ነበር። በለንደን ስለ እንቁላል በፈረዱበት ፍርድ ራሳቸውን ቢዳኙ ነጻ አይወጡም። ከ1925 ዓ.ም. ጀምሮ በየሳምንቱ ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው፣ ፊደሉን ጠብቀው መንፈሱን እንደገደሉት፣ ለመኖር የነበራቸው ጉጉትም ለእውነት ከነበራቸው ፍቅር እንደ በለጠ ለሕዝብ ገለጡ። በወተት ምትክ የሚሆን ከአትክልት የሚገኝ ነገር ሲፈልጉ ኖሩ፤ በ1929 ዓ.ም. ያልበሰለ እህል ብቻ እየበሉ ሞከሩ፤ ጤናቸው ስላልቻለው ተዉት። የፍየል ወተት እስከ ሞታቸው ድረስ ከማዕዳቸው አልጠፋም።

በኖቬምበር 20 ቀን 1931 ዓ.ም. ለክብ ጠረጴዛው ጉባኤ ለንደን በነበሩበት ጊዜ የቀድሞ ማኅበራቸው ጋበዛቸው። ከጎናቸው የተቀመጡት በወጣትነታቸው መጽሐፋቸውን ያነበቡላቸው፣ ያን ጊዜ የ80 ዓመት ሽማግሌ የነበሩት ሄንሪ ሳልት ናቸው። ጋንዲ በንግግራቸው፣ ለጤና ብለው ብቻ ሥጋ የተዉ ሰዎች አብዛኞቹ ሲታመሙ ወደ ሥጋው እንደሚመለሱ፣ የሚጸናው ግን ለሌላው ፍጡር ብሎ የተወ መሆኑን አስረዱ። ደግሞም ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብና ስለ በሽታ ብቻ የሚያወሩትን፣ ሥጋ የሚበላውንም የሚንቁትን አባሎች ገሠጹ። ይህን ትዕግሥት ቀደም ብለው በ1909 ዓ.ም. በጻፉት መጽሐፍም አሳይተዋል፤ ላምን እጅግ የሚያከብሩ ሲሆኑ፣ ላምን ለማዳን ብለው እስላም ወንድማቸውን እንደማይገድሉ በግልጽ ጽፈዋል። ጃኑዋሪ 30 ቀን 1948 ዓ.ም. በዴልሂ ለጸሎት ሲሄዱ፣ ናቱራም ጎድሴ የተባለው፣ ይህን የመሰለውን ትዕግሥታቸውን የጠላ የገዛ ሃይማኖታቸው ሰው በጥይት ገደላቸው።

ጋንዲ በሞቱበት በዚያው ዓመት በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ሊቃውንት ቫይታሚን ቢ 12 የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ይህ ለደምና ለነርቭ የሚያስፈልግ ነገር በሥጋ፣ በእንቁላልና በወተት ሲገኝ፣ በአትክልት ግን የሚታመን መጠን አይገኝም። ዛሬ ቬጋን የሚሆን ሰው በኪኒን ወይም በተጨመረበት ምግብ ያገኘዋል። ስለዚህ ጋንዲ ዕድሜ ልካቸውን የፈለጉት የወተት ምትክ ቢያንስ በዚህ በኩል ተገኝቷል። ዛሬ የሚመርጥ ተማሪ እሳቸው ያልነበራቸው ዕውቀት በእጁ ስላለ፣ ሰውነቱን ሳይጎዳ መምረጥ ይችላል፤ ሳይጠይቅና ሳያጣራ ገብቶ ቢጎዳም የሚያመካኝበት የለውም።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ምን እንወስዳለን? ሥጋ እንብላ ወይም አንብላ የሚለውን ጋንዲ አይወስኑልንም። የሚያስተምሩን ምክንያታችንን እንድናውቀው ነው። እሳቸው በውርስ ብቻ የያዙትን ልማድ አንድ ደፋር ጓደኛ በቀላሉ አስጣላቸው። አገርን ነጻ ለማውጣት ብለው የበሉት ሥጋ በውሸት ላይ ስለቆመ አልሰነበተም። በመሐላ የጠበቁት ጸና፤ ግን ልባቸው ከመሐላው ጋር አልነበረም። አንብበው፣ መዝነው፣ ራሳቸው የመረጡት ግን ሐኪም ሲቆጣ፣ ወዳጅ ሲያፍርባቸው፣ ሞትም ሲቀርብ ቆመ። በመጨረሻ አንድ ቦታ ላይ ሲሸነፉም ሽንፈቱን ድል ብለው አልጠሩትም።

ከእኛም መካከል ሥጋ የሚበላው ከብቱ እንዴት እንደኖረና እንዴት እንደታረደ ጠይቆ ይብላ። ሥጋ የሚተወውም ለጤናው፣ ለሃይማኖቱ፣ ለእንስሳው ወይስ ጓደኛው ስለተወ ብቻ እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ። ሁለቱም በአንድ ማዕድ ሲቀመጡ በሳህናቸው ምክንያት መናናቅ አይገባቸውም። ጋንዲ በሆልበርን ምግብ ቤት ሾርባውን ትተው ወጡ፤ ወዳጃቸውን ግን አልተዉም።